ስንት ተሠራ፣ ስንትስ ቀረ? የሬስሊንግ አሻንጉሊቶች ታሪክ

ባለፈው ሐኑካ ሰሞን በማኅበራችን ክፍል ውስጥ ሁለት አሻንጉሊቶች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ክርክር ተነሣ። አንደኛው አዲስ ነው። ሳጥኑ ላይ «ከ1000 አንዱ» የሚል ጽሑፍ ታትሞበታል፤ ጓደኛችን ከመጀመሪያ ደሞዙ 600 ሸቅል አውጥቶ ነው የገዛው። ሁለተኛው አሮጌ ነው። ቀለሙ ተላልጧል፣ ሳጥን የለውም፣ የሌላው ጓደኛችን አጎት በልጅነቱ ሲጫወትበት የኖረ ነው። «የትኛው ነው ብርቅ?» ተባለና ሁላችንም እኩል ጮኽን። ማንም ማንንም አላሳመነም። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብለን ታሪኩን ማገላበጥ የጀመርነው።

ከመቀጠላችን በፊት ስለ ቃሉ አንድ ነገር እንበል። በአማርኛ «ትግል» ይባላል፤ ግን «ታጋይ» ብለን ብንጽፍ አባቶቻችን ጫካ የገባ ሰው ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሰፈር እንደምንለው «ሬስሊንግ» እና «ሬስለር» እያልን እንሄዳለን። ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰብሳቢዎች ታሪኩን የሚጀምሩት ከ1984 ነው። በዚያ ዓመት ኤል ጄ ኤን የሚባል የኒው ዮርክ አሻንጉሊት ኩባንያ፣ ዛሬ ደብሊው ደብሊው ኢ ከምንለው፣ ያኔ ግን ደብሊው ደብሊው ኤፍ ከሚባለው የሬስሊንግ ድርጅት ፈቃድ ይዞ አሻንጉሊቶችን ማውጣት ጀመረ። ከድፍን ላስቲክ የተሠሩ ነበሩ፤ ቁመታቸው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ እጅና እግራቸው የማይታጠፍ። ከባድ ናቸው፤ ወንድም ራስ ላይ ሲያርፉ ያማሉ። በመጋቢት 1985 የመጀመሪያው ሬስልማኒያ ተካሄደ፣ ሁልክ ሆጋን በየቴሌቪዥኑ ታየ፣ አሻንጉሊቱም እንደ ጉድ ተሸጠ። በዚያው ዓመት ኤም ሲ ኤ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ኤል ጄ ኤንን ገዛው።

ሀብት ግን ሁልጊዜ አይቆይም። በ1989 የኤል ጄ ኤን የአሻንጉሊት ሥራ እያበቃ ነበር። ያን ጊዜ የመጨረሻዎቹ አሻንጉሊቶች ግራንድ ቶይስ በሚባል አከፋፋይ በኩል በጥቁር ካርድ ላይ ሆነው ካናዳ ውስጥ ወጡ። ካርድ የምንለው አሻንጉሊቱ የሚለጠፍበትን፣ ሱቅ ውስጥ የሚሰቀለውን ወፍራም ወረቀት ነው። ከእነዚህ መካከል አልቲሜት ዋሪየር አለ። ሰውየው ገና ዝናው እየወጣ ነበር፣ ኩባንያው ግን እየወረደ ነበር። ብዙ ሳይሠራ ቆመ። እንግዲህ የዛሬ ሰብሳቢ «ጥቁር ካርድ» ሲባል ልቡ የሚመታው ለዚህ ነው። ያኔ ማንም «ብርቅ እናድርገው» ብሎ አላሰበም፤ በር እየተዘጋ ሳለ ያመለጡ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ አሻንጉሊት ስንት እንደሚሠራ የሚወስነው ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። መጀመሪያ ላስቲኩ ወይም ፕላስቲኩ የሚፈስበት የብረት ፎርማ ይሠራል። ፎርማው በአስር ሺህ የሚቆጠር ዶላር ሊፈጅ ይችላል፤ አንዴ ከተሠራ በኋላ ግን እያንዳንዱ አሻንጉሊት የሚፈጀው ትንሽ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ወጪውን ለመመለስ በሺህ የሚቆጠር ማውጣት አለበት። ትልልቆቹ ሱቆች ያዘዙትን ያህል ይሠራል፣ ሱቆች ማዘዝ ሲያቆሙ ይቆማል። ከዚያ ደግሞ ካርቶኑ አለ። ሱቅ አንድ ካርቶን ሲያዝ በውስጡ ሁሉም ሬስለር እኩል አይገባም። እንበልና 12 አሻንጉሊት ቢኖር ዝነኛው ሦስቴ ይገባል፣ ያልታወቀው አንዴ። ልጆቹ ዝነኛውን ስለሚፈልጉ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን ያ ያልታወቀው ሰው ነው የሚፈለገው።

እና ቁጥሩ? ኤል ጄ ኤንም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጣው ሃስብሮ እያንዳንዱን ሬስለር ስንት እንደሠራ በይፋ አልተናገረም። «ይኼ 2000 ብቻ ነው የተሠራው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ማን እንደነገረው ጠይቁት። ሰብሳቢዎች የሚያውቁት በዘዴ ነው፤ አንድ ነገር በዓመት ስንቴ ለሽያጭ እንደሚወጣ ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ይገምታሉ። እኛም እንዲሁ ነው የምናደርገው።

ሃስብሮ ፈቃዱን የያዘው ከ1990 እስከ 1994 ነው። የእሱ አሻንጉሊቶች ትንንሽ ናቸው፣ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከጠንካራ ፕላስቲክ፤ ውስጣቸው ስፕሪንግ ስላለ አንዱ ይማታል፣ ሌላው ይዘላል። ለእኛ ትውልድ አጎቶች «ሬስሊንግ» ማለት እነዚህ ናቸው። በ1994 የመጨረሻዎቹ በአረንጓዴ ካርድ ላይ ወጡ፤ ዋን ቱ ስሪ ኪድ፣ አዳም ቦምብ፣ ሉድቪግ ቦርጋ፣ ባርት ገን፣ ቢሊ ገን፣ ክረሽ እና ዮኮዙና። ዝርዝሩን አንብቡት፤ ሆጋን የለም። በ1993 ድርጅቱን ትቶ ሄዷል። ባለቤቱ ቪንስ ማክማን ደግሞ በስቴሮይድ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቆሞ ነበር፤ ሐምሌ 1994 ነጻ ተባለ። ተመልካች ቀንሷል፣ ሱቆች ማዘዝ ፈርተዋል። አረንጓዴው ካርድ የተወለደው በዚህ መጥፎ ዓመት ነው፣ ዛሬም ካርዱ ሳይከፈት የተገኘ እንደሆነ ከቀደሙት አብዛኞቹ ይበልጣል።

ከዚያ የመጣው ታሪክ ተቃራኒ ነው፣ ለእኛም በጣም ያስተማረን እሱ ነው። በ1995 ጃክስ ፓሲፊክ የሚባል ኩባንያ ተመሠረተ። መሥራቹ ጃክ ፍሪድማን ነው፤ ይኼ ሰው ቀደም ሲል ኤል ጄ ኤንን የመሠረተው ራሱ ነው! ኤል ጄ ኤን የሚለው ስም የቀድሞ አለቃው የኖርማን ጄ ሉዊስ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ከኋላ ወደ ፊት ተነበው የወጣ ነው። ጃክስ እስከ 2009 መጨረሻ የደብሊው ደብሊው ኢ አሻንጉሊቶችን ሠራ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ስቲቭ ኦስቲንና ዘ ሮክ ከሆጋን ዘመን ያላነሰ ዝና ነበራቸው፣ ስለዚህ በገፍ ተሠራ። ደግሞም አዋቂዎች «ነገ ውድ ይሆናል» ብለው ሁለት ሁለት ይገዙ ነበር፤ አንዱን ለመክፈት፣ አንዱን ለማስቀመጥ። ውጤቱ? ብዙው እስከ ዛሬ ሳይከፈት በየጓዳው ተቀምጧል፣ ዋጋውም ከአዲስ አሻንጉሊት ብዙ አይበልጥም። ሁሉም ያስቀመጠው ነገር ብርቅ አይሆንም።

ስለዚህ ጥያቄያችን ሁለት ሆነ። ስንት ተሠራ? ስንትስ ቀረ? የድሮዎቹን ልጆች ነው የገዙአቸው፤ ልጅ ደግሞ ካርዱን ቀድዶ ይጥላል፣ አሸዋ ውስጥ ይቀብራል፣ ውሻ ያኝከዋል። የኤል ጄ ኤን ላስቲክ ራሱ አይሰበርም፣ ግን የአፍንጫውና የጸጉሩ ቀለም በመፋተግ ይለቃል። አሥር ሺህ ተሠርቶ መቶ በደህና የቀረ ነገር፣ አንድ ሺህ ተሠርቶ አንድ ሺህ በሳጥን ከተቀመጠ ነገር ይበልጣል ማለት ነው። (ቁጥሮቹ የኛ ምሳሌ ናቸው።)

አሁን ወደ አጎትየው አሻንጉሊት እንምጣ። ካማላ ነው።

ካማላ በሬስሊንግ «የኡጋንዳው ግዙፍ» እየተባለ ይቀርብ ነበር። ጭንብል፣ ጦር፣ የነብር ቆዳ የሚመስል ሽርጥ፣ የተቀባ ሰውነት፤ አይናገርም፣ እንደ አውሬ ይጮኻል። ሰውየው ግን ጄምስ ሃሪስ ይባላል፣ የሚሲሲፒ ሰው ነው፣ የጭነት መኪና ሲነዳም የኖረ። ኡጋንዳዊ አልነበረም። በ1992 ወደ ደብሊው ደብሊው ኤፍ ተመለሰ፣ ሃስብሮም አሻንጉሊቱን አወጣ። በኋላ በስኳር በሽታ ሁለት እግሮቹን አጥቶ በነሐሴ 2020 አረፈ።

ወደ ሱቅ የሄደው ካማላ ሆዱ ላይ ቢጫ ኮከብ አለው። ጥቂቶች ግን፣ በጣት የሚቆጠሩ፣ በኮከቡ ፋንታ ጨረቃ ተቀብቶባቸው ከፋብሪካው ወጥተዋል። በሃስብሮ ሰብሳቢዎች ዘንድ ከዚህ በላይ የሚወራለት የለም። ፕላስቲኩ ያው ነው፣ ፎርማው ያው ነው፣ ልዩነቱ የአንድ ብሩሽ ቀለም ነው። በዚያች ብሩሽ ምክንያት አንዱ በጥቂት አስር ዶላር ይገኛል፣ ሌላው ደግሞ የመኪና ዋጋ ይጠየቅበታል።

የጓደኛችን አጎት ግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ሲመጣ ሰባት ዓመቱ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሬስሊንግ በእስራኤል ቴሌቪዥን እንደ እሳት የተቀጣጠለበት ጊዜ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ እየኮረጁት እርስ በርስ ይጎዳዱ ስለነበር ተመራማሪዋ ዳፍና ሌሚሽ ጥናት እስከማሳተም ደርሰዋል። በአጎትየው ክፍል ልጆቹ ብሬት ሃርት ለመሆን ይጣሉ ነበር። እሱን ግን ማንም ምርጫ አልሰጠውም፤ «አንተ ካማላ ነህ» አሉት። ካማላ ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር። ያወቀው ሱቅ ውስጥ አሻንጉሊቱን ያየ ቀን ነው።

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ገዛኸው?» አልነው።

«ያንተ ነው ካሉኝ አይቀር የኔ ይሁን ብዬ ነዋ» አለን።

ሌሎችም ነበሩት፣ አንድ ፌስታል ሙሉ። ከካራቫን ወደ አፓርታማ ሲዛወሩ አያትየው ለጎረቤት ልጆች ሰጠቻቸው። እስከ ዛሬ ሲነሣ ትስቃለች፤ «ላስቲክ መስሎኝ! ብርጭቆና ድስት ልሸከም ወይስ ያንተን ሰዎች?» ትለዋለች። እናቶቻችን ይኼን የምታነቡ ከሆነ አንቆጣችሁም። እናንተ ባትጥሉ ኖሮ የተረፈው ሁሉ ዋጋ ባልኖረው። ካማላ የተረፈው ኪሱ ውስጥ ስለነበር ነው።

አሁን የ600 ሸቅሉ ነገር። ቁጥር ማተም አዲስ አይደለም፤ ጃክስም «ከ100 አንዱ» የሚሉ አውጥቷል። ከ2010 ጀምሮ ፈቃዱን የያዘው ማቴልም ከመደበኛው ጋር በቀለም የተለዩ ጥቂቶችን በካርቶን ውስጥ ይደባልቃል። በጣም የገፋበት ግን ጃዝዌርስ ነው። በ2019 የተቋቋመው ኤ ኢ ደብሊው የሚባለው ድርጅት አሻንጉሊቶች በ2020 ሲወጡ አንዳንዶቹ ሳጥን ላይ ቁጥር ይዘው መጡ፤ ከ500፣ ከ1000፣ በኋላም ከ3000 እና ከ5000 አንዱ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ከድሮው የሚለየው ድርጅቱ ስንት እንደሠራ አስቀድሞ መንገሩ፣ ገዢውም ሳጥኑን የማይከፍት አዋቂ መሆኑ ነው። አንዱም አሸዋ ውስጥ አይቀበርም። እንዲህ ከሆነ ዋጋውን የሚይዘው የፈላጊው ብዛት ብቻ ነው፤ ፈላጊ ሲደክመው ቁጥሩ ሳጥኑ ላይ ይቀራል። (በነገራችን ላይ ጃዝዌርስ ከ2022 ወዲህ የዋረን ባፌት ኩባንያ ንብረት ነው። ሽማግሌው ሳጥን የሚሰበስቡ አይመስለንም።)

ለሚገዙ ወጣቶች ከራሳችን ኪሳራ አንድ ነገር እንጨምር። ከመካከላችን አንዱ «ያልተከፈተ ሃስብሮ» ብሎ ከአንድ ሻጭ በ450 ሸቅል ገዝቶ ነበር። ካርዱ አዲስ የታተመ ቅጂ ሆኖ ተገኘ፤ አሻንጉሊቱ እውነተኛ ነው፣ ግን የተጫወቱበት ነው፣ ፕላስቲኩም በሙጫ የተለጠፈ ነው። ገንዘቡ አልተመለሰም። ዘንድሮ ማንኛውንም ነገር ከመግዛታችን በፊት የካርዱን ጠርዝ፣ የሙጫውን መስመርና የቀለሙን ብሩህነት በቅርብ ፎቶ እንጠይቃለን። ጨረቃ ያለው ካማላ አገኘሁ የሚል ካለማ ብሩሽ ማንም ቤት እንዳለ አንረሳም።

ጓደኛችን ባለ ቁጥሩን በፋሲካ ሰሞን ለሽያጭ አቀረበው። የመጣለት ትልቁ ዋጋ 380 ሸቅል ነው፤ አልሸጠውም፣ ሳጥኑንም አልከፈተውም። ካማላውን ደግሞ ለዚህ መጽሔት ፎቶ ለማንሳት ተውሰነው ነበር። ሆዱ ላይ ያለው ኮከብ ነው፣ እሱም ግማሹ ተፍቋል። አጎትየው ሊወስደው ሲመጣ ዋጋውን ነገርነው፣ ሳቀ፣ እንደ ድሮው ኪሱ ውስጥ ከቶት ሄደ።