ባለ አንድ ቀንዱ አውሬና አውራሪስ

በጥንት የአራዊት መጻሕፍት ከሚነሡት ፍጥረታት መካከል እንደ ባለ አንድ ቀንዱ አውሬ ብዙ የተጻፈለትና ብዙ የተተረጐመ ጥቂት ነው። አብዛኛው አንባቢ ይህን አውሬ የአውሮፓ ተረት አድርጎ ይመለከተዋል። ከታሪኩ አንዱ ዋና ክፍል ግን የሚገኘው በአክሱም ቤተ መንግሥት ነው።

ስሙ የተገኘው በትርጉም ነው። በዕብራይስጡ መጽሐፍ «ርኤም» የተባለው እንስሳ ብዙ ሊቃውንት እንደሚስማሙበት የዱር በሬ ነበር። የግሪክኛው ተርጓሚዎች «ሞኖኬሮስ» ብለው መለሱት፤ ግእዙም እነርሱን ተከትሎ «ዘአሐዱ ቀርኑ» አለው። ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው «ፊሳልጎስ» የተባለው የአራዊት መጽሐፍም አውሬው በድንግል ካልሆነ በቀር አይያዝም ከሚለው ትውፊት የሥጋዌን ምሥጢር የሚያመሠጥር ነው።

በ6ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን ወደ አዱሊስ የመጣው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ግን ሁለቱን አውሬዎች ለያይቶ ጽፏል። ባለ አንድ ቀንዱን በዓይኑ እንዳላየው፣ ያየው በኢትዮጵያ ንጉሥ ቤተ መንግሥት የቆሙትን አራት የነሐስ ምስሎች ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል። አውራሪስን ግን በሕይወት ሳለ ከሩቅ፣ ሞቶ ቆዳው በገለባ ከተሞላ በኋላ ደግሞ በቤተ መንግሥቱ በቅርብ አይቶታል። ኢትዮጵያውያን «አሩ» ወይም «ሐሪሲ» እንደሚሉት፣ የመጀመሪያው ቃል አውሬን፣ ሁለተኛው ማረስን እንደሚያመለክት፣ የደረቀ ቆዳውም በብረት ፈንታ በማረሻ ላይ እንደሚውል ይገልጻል። ይህ ቃል የግእዙ «አርዌ ሐሪስ» ሲሆን፣ የዛሬው አማርኛ «አውራሪስ» የሚለውም ከዚሁ የወረደ ነው።

አክሱማውያን የሩቁን ቆላ የሚያውቁት በንግድ ነበር። በ1ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ከዓባይ ማዶ የሚመጣ የዝሆን ጥርስ በአክሱም በኩል ወደ አዱሊስ እንደሚወርድ፣ ከአዱሊስም የአውራሪስ ቀንድ ወደ ውጭ እንደሚላክ ይመሰክራል። ኮስማስም የንጉሡ ነጋዴዎች በየሁለት ዓመቱ ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው «ሳሱ» ከተባለ አገር ወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏል። ይህን አገር ብዙዎች ከቤኒሻንጉልና ከፋዙግሊ ጋር ያያይዙታል፤ የጉባ ወረዳ ከተማ ማንኩሽም የምትገኘው በዚሁ በዓባይ ቆላ፣ በሱዳን ወሰን አጠገብ ነው።

እንግዲህ እንስሳውን የሚያውቀው ሕዝብ በመልኩና በጥቅሙ ሲሰይመው፣ በመጽሐፍ ብቻ ያነበበው አንድ ቀንድ ሰጠው። የአፍሪካው አውራሪስ ባለ ሁለት ቀንድ ነው፤ አንድ ቀንድ ያለው የሕንዱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በፋርስ ቤተ መንግሥት ሐኪም የነበረው ክቴስያስም በሕንድ ስላለ ባለ አንድ ቀንድ የዱር አህያ ጽፎ፣ ከቀንዱ በተሠራ ዋንጫ የሚጠጣ ሰው መርዝ አይጎዳውም ብሎ ነበር።

ይህን የመሰለው እምነት ለእውነተኛው እንስሳ መዘዝ ሆነ። ቀንዱ ለመድኃኒት፣ ለዋንጫና ለጎራዴ እጀታ ሲፈለግ ኖረ፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ የየመን ጩቤ እጀታ ገበያ ከፍተኛ ጥፋት አደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. የአውራሪስ ዝርያዎች በሙሉ በዓለም አቀፍ ስምምነት ከንግድ ቢታገዱም፣ ዛሬ በኢትዮጵያ ዱር አውራሪስ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። በዓይን ያልታየው አውሬ በመጽሐፍ ሲኖር፣ የታየው በስሙ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ የጥንቱን የአራዊት መጽሐፍ የሚመረምር ሰው ከምሥጢሩ አስቀድሞ የአገሬውን ስም ሊጠይቅ ይገባዋል።