የአፊሌ ሰፌድ

ከሮማ ተነሥቶ በቲቮሊ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚወጣውን መንገድ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ፏፏቴውን ለማሳየት እስከ ቲቮሊ ብቅ የማይል ሰው ከመካከላችን ጥቂት ነው። ከቲቮሊ አልፎ፣ የአኒየኔን ወንዝ ሽቅብ ተከትሎ ወደ ተራራው የሚዘልቅ ግን እምብዛም የለም። እኔም ይህን ያህል ዘመን ታክሲ ስነዳ ከሱቢያኮ ወዲያ ያለውን አገር አላውቀውም ነበር። ባለፈው የወይን ለቀማ ሰሞን አንዲት አሮጊት ከሆስፒታል ወጥተው ወደ መንደራቸው የሚያደርሳቸው ሲፈለግ ተራው የእኔ ሆነ። የወንድማቸው ልጅ ሒሳቡን ከፍሎ፣ የመድኃኒታቸውን ፌስታል ከጎናቸው አኑሮ፣ «አፊሌ አድርስልኝ» አለኝ።

አፊሌ! ስሙን ስሰማ እጄ መሪው ላይ ቀረ። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ፊቼ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ታሪክ አስተምር ነበር። ፊቼ ለደብረ ሊባኖስ ገዳም ጎረቤት ናት። ስለ ማርሻል ግራዚያኒ ስንት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደጻፍሁ እኔው ነኝ የማውቀው። የተቀበረበትን መንደር ስም ግን አንድም ቀን ለተማሪዎቼ ነግሬ አላውቅም። ምን አገባን ብዬ ይሆናል።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓመተ ምሕረት ካላልሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቲቮሊ ስንደርስ ሲኞራዋ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ነገርኋቸው። ዝም አሉ። ዝምታው ስለከበደኝ፣ የመምህር አመል አይለቅምና፣ ያገሬን ሰው ታሪክ አነሣሁላቸው። በዚህችው በቲቮሊ በ1552 አንድ የእኛ አገር መነኩሴ ዐርፏል፤ ስሙም አባ ተስፋ ጽዮን ይባላል፤ ፈረንጆቹ «ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ» ይሉት ነበር። ሰውየው የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነው። ገዳሙ በግራኝ ጦርነት ሲቃጠል ተሰዶ፣ በኢየሩሳሌም አድርጎ ሮማ ገባ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ባለው፣ ለሀበሾች በተሰጠው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ተቀመጠ። በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተመው እርሱ ነው። ፊደል ለቃሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም ነበርና በመጽሐፉ ስሕተት ቢገኝ አንባቢ እንዲያርምለት ይቅርታ ጠይቋል። የመቃብሩ ድንጋይ ዛሬም በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ ይታያል።

ሲኞራዋ በጥሞና አዳመጡኝ። ከዚያ «እኛም እኮ አንድ ታሪክ አለን» ብለው የመንደራቸውን ነገር ጀመሩ። እስኪ እኔም እንደሰማሁት ላቅርበው፤ በኋላ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን እየጨመርሁበት ነው።

አፊሌ 1,500 ያህል ሰው የሚኖርባት፣ ከባሕር ወለል 680 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች የገበሬ መንደር ናት። ሀብቷ ወይን ነው። ቼዛኔዜ የሚባለው ጥቁር የወይን ዘር በመንደሯ ስም ይጠራል፤ «ቼዛኔዜ ዲ አፊሌ» በ1973 በሕግ ስሙ የተጠበቀ የወይን ጠጅ ሆኗል። እንግዲህ በእኛ አነጋገር አንድ አጥቢያ ማለት ናት። የምትታረስ መሬት፣ ደወሉ የሚሰማ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁሉም በሁሉ ቀብር የሚገናኝባት።

አጥቢያ ትንሽ ናት ተብሎ ታሪክ አይታጣባትም። በእንግሊዝ አገር ከ1538 ጀምሮ በየገጠሩ አጥቢያ የተጠመቀው፣ ያገባውና የሞተው ሁሉ በመዝገብ እንዲጻፍ ታዝዞ ነበር፤ ዛሬ እንግሊዞች ያያቶቻቸውን ስም የሚያገኙት ከዚያ ነው። በእኛም አገር የርስትና የጉልት ነገር በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጻፍ ነበር። ቄሱ ወንጌሉን ሲከፍት የአጥቢያውን የመሬት መዝገብም አብሮ ይከፍት ነበር ማለት ነው። የአፊሌ ትልቅ ቅርስ ግን መዝገብም ወንጌልም አይደለም። ሰፌድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዱስ ቤኔዲክቶስ፣ ያ የምዕራብ መነኮሳት አባት የሚባለው፣ በ480 ገደማ ኖርቻ በምትባል አገር ተወለደ። ለትምህርት ሮማ መጥቶ የከተማው ኑሮ ስላላማረው ትቶ ወጣ። ሞግዚቱ ብቻ ተከተለችው። ከዚያም ኤፊዴ በምትባል ስፍራ፣ ማለት በዛሬዋ አፊሌ፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀመጡ። ሞግዚቲቱ ስንዴ ልታበጥር ከጎረቤት ዕቃ ተዋሰች፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ሳለ ወድቆ ለሁለት ተሰበረ። (ሰፌድ ያልሁት ሥራው ያው ስለሆነ ነው እንጂ፣ ለሁለት የሚሰበር ነገር የሣር ስፌት እንደማይሆን አንባቢ ሳይነግሩት ያውቃል።) የሰው ዕቃ ሰብራለችና አለቀሰች። ወጣቱ ቤኔዲክቶስ ሁለቱን ስብራት ይዞ ጸለየ፤ ከጸሎቱ ሲነሣ ዕቃው ስንጥቅ እንኳ አይታይበትም ነበር። ይህን የጻፈው የሮማው ፓፓ ታላቁ ጎርጎርዮስ ነው፤ መጽሐፉንም በ593 እና በ594 ገደማ አዘጋጀው። የመንደሩ ሰዎች ያን ሰፌድ ወስደው በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሰቀሉት፤ ያሉትም የሚመጡትም እንዲያዩት። ሎንጎባርዶች እስከገቡበት ዘመን ድረስ ለብዙ ዓመታት እዚያው ተሰቅሎ ነበር ይላል ጎርጎርዮስ። ቤኔዲክቶስ ግን ሰው ሲያወድሰው ጊዜ ሞግዚቱንም ሳይሰናበት ጠፍቶ ሱቢያኮ ዋሻ ገባ።

አንባብያን ተአምሩን ብታምኑም ባታምኑም የእናንተ ፈንታ ነው። እኔን የገረመኝ የገበሬዎቹ ነገር ነው። የነገሥታት ዘውድ ወይም ሰይፍ አልሰቀሉም። በየቤታቸው ያለ፣ አንዲት ድሃ ሴት ተውሳ የሰበረችው የስንዴ ማበጠሪያ ነው በቤተ ክርስቲያናቸው በር ላይ ያንጠለጠሉት።

ይህን እየተጨዋወትን ሱቢያኮን አለፍን። ሁለታችንም ስለ ሌላው ነገር አላነሣንም። መንደሩ ብቅ ሲል ግን ሲኞራዋ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ «ልጄ፣ ምን እያሰብህ እንደሆነ አውቃለሁ» አሉኝ።

እንግዲህ ወደዚያው እንምጣ። ሮዶልፎ ግራዚያኒ በ1882 ከአፊሌ ብዙ በማይርቅ ፊሌቲኖ በሚባል መንደር ተወለደ። በ1955 ሮማ ላይ ሞቶ አፊሌ ተቀበረ። ሰው ሞቶ በዘመዶቹ አገር መቀበሩ ምንም አይደለም፤ መቃብር ለማንም አይከለከልም። ነገር ግን ከ57 ዓመት በኋላ፣ በተወለደበት ቀን በኦገስት 11 ቀን 2012፣ በመንደሩ መናፈሻ አጠር ያለ የመታሰቢያ ሕንፃ በስሙ ተመረቀ። በግንባሩም «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ሁለት የኢጣሊያ ቃላት ተጽፈዋል። ለሥራው 127,000 ዩሮ የወጣው ከላትዮ አስተዳደር የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የተፈቀደውም ለመናፈሻ ሥራና ለወታደር መታሰቢያ ተብሎ ነበር። ኢትዮጵያውያን በየአገሩ ተቃወሙ፤ ብዙ ኢጣሊያኖችም እንዲሁ። በ2013 አዲሱ የላትዮ አስተዳደር ገንዘቡን አገደ። በ2017 የቲቮሊ ፍርድ ቤት ፋሽዝምን በማወደስ ወንጀል ከንቲባውን በ8 ወር፣ ሁለት ሹሞቹን በስድስት በስድስት ወር እስራት ቀጣ። ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ በይግባኝ አልፎ እስከ ሰበር ሰሚው ችሎት ዘልቋል። አባ ተስፋ ጽዮን ባረፈባት በቲቮሊ ይህ ጉዳይ መታየቱን ያሰበ ዳኛ እንደሌለ እገምታለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላዋን አጥቢያ አስቡልኝ። ደብረ ሊባኖስም የገጠር አገር ናት፤ ከገደሉ በላይ ጤፍና ስንዴ ይዘራል፣ ከገደሉ ሥር ገዳሙ አለ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ በአዲስ አበባ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያን አልደግመውም። ከሦስት ወር በኋላ ግራዚያኒ መነኮሳቱን በሙሉ፣ ምክትል አለቃውንም ጨምሮ፣ ያለ ልዩነት እንዲፈጅ ጄኔራል ማሌቲን በቴሌግራም አዘዘ። ቀኑ ግንቦት 12 ነበር፤ የጻድቁ ዐፅም የፈለሰበት በዓል ስለሆነ ገዳሙ በምእመናን ተሞልቶ ነበር። ሰዎቹን በካሚዮን እያመላለሱ ላጋ ወልዴ በሚባለው ገደል አፋፍ ረሸኗቸው። ግራዚያኒ ራሱ ለሮማ ያስታወቀው 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች መገደላቸውን ነው። በኋላ 129 ዲያቆናት በደብረ ብርሃን አቅራቢያ እንጌጫ ላይ ተገደሉ። በድምሩ 449፤ ይህ እንግዲህ ገዳዩ ያመነው ነው። የአካባቢውን ሽማግሌዎች ምስክርነት ሰብስበው በ1997 ጥናታቸውን በኢጣሊያንኛ ያሳተሙት ኢያን ካምፕቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን ቁጥሩን ከ1,400 በላይ፣ እስከ 2,000 ገደማ ያደርሱታል።

ፊቼ ሳለሁ ተማሪዎቼን ወደ ገዳሙ ይዤ ወርጄ አውቃለሁ። ስለ ቀኑ፣ ስለ ቴሌግራሙ ነገርኋቸው። አንዱ ልጅ «መምህር፣ ሰውየው ምን ተፈረደበት?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱ አጭር ነው። በኢትዮጵያ ስላደረገው ነገር ምንም አልተፈረደበትም። በ1950 የኢጣሊያ ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ፈርዶበት ነበር፤ ያውም ከጀርመኖች ጋር ስለመተባበሩ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ተፈታ። ልጁ የሰማውን በደብተሩ ሲጽፍ ትዝ ይለኛል። አፊሌን ግን አላጻፍሁትም፤ ያኔ ሕንፃው ገና አልተሠራም ነበር።

ወደ ሲኞራዋ ልመለስ። ስለ ግራዚያኒ የሚያውቁትን ጠየቅኋቸው። በልጅነታቸው የሰሙት «ትልቅ ወታደር ነበር» የሚለውን ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። ስለ መነኮሳቱ የሰሙት በ2012 ነው፤ ጋዜጠኞች መንደሩን ሲያጥለቀልቁት። «አንዳንዱ ሰው የወይናችንን ስም ሳያውቅ የሱን መቃብር ሊያይ ይመጣል፤ እግዚአብሔር ያሳይህ» አሉ። አልተከራከርኋቸውም። በእኛም ዘንድ አንድ ሰው ጠላት የፈጀ ጀግና ሲባል ጠላት የተባለው ማን እንደነበር የማንጠይቅበት ጊዜ አለና፣ ፊቴን አጥቁሬ ልቀመጥ አልቻልሁም። ነገር ግን ልቤ ዝም አላለም። ለአንድ መንደር 127,000 ዩሮ ብዙ ገንዘብ ነው። በዚያ ገንዘብ የሰፌዱን ታሪክ ለልጆቻቸው የሚያሳይ ቤት ቢሠሩበት ኖሮ እኔም እንግዳዬን ይዤ በወጣሁ ነበር።

ቤታቸው በር ላይ ፌስታላቸውን ተቀብዬ አወረድኋቸው። ቡና ጠጣ አሉኝ፤ ጠጣሁ። የቼዛኔዜ ጠርሙስ ሰጡኝ፤ መኪና ስለምነዳ ኋላ ኪስ አስገባሁት። ልሄድ ስነሣ ወረቀትና እርሳስ አቀረቡልኝ። «የዚያን የገዳማችሁን ስም ጻፍልኝ፤ እኔ እንደምችለው አድርገህ» አሉ። በላቲን ፊደል ደብረ ሊባኖስ ብዬ፣ ከሥሩም 20 ማጆ 1937 ብዬ ጻፍሁላቸው። በአማርኛም እንድጨምርበት ፈለጉ፤ ጨመርሁ። መነጽራቸውን አድርገው ፊደላችንን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና ወረቀቱን በጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ አኖሩት።

የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በየት በኩል እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በመስኮት አሳዩኝ። ሰፌዱ የተሰቀለው በየትኛው በር ነው ብላቸው፣ ከ1,400 ዓመት በላይ የጠፋ ዕቃ መሆኑን ረስተው፣ «ስትገባ ከበላይህ ነው» አሉኝ።