የውጫሌ ቃልና የሀዲያ ከብት

1881 ዓ.ም. ሲነሳ መጀመሪያ ወደ አፍ የሚመጣው ውጫሌ ነው። መጋቢት 2 ቀን አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በደረሰባቸው ቁስል አረፉ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ሚያዝያ 25 ቀን ምኒልክና የጣሊያኑ ኮንት አንቶኔሊ ውሉን ፈረሙ። አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ይላል፤ በጣሊያንኛው ግን ንጉሡ ከውጭ መንግሥታት ጋር በሮም በኩል ለመገናኘት ተስማምተዋል የሚል ነው። ክሪስፒ ይህንን ይዞ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብሎ ለአውሮፓ አስታወቀ።

ፓሪስ በዚያው መጋቢት የኤፍልን ግንብ መርቃለች። ዘመኑ የብረትና የላቦራቶሪ ነበር።

ሆሳዕና ግን ያኔ ገና ከተማ አልነበረችም። ከምባታ በራሱ ንጉሥ፣ በ«ወማ»ው፣ ይተዳደር ነበር። የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ጉራጌንና ሀዲያን አስተባብሮ የሸዋን ጦር ለዓመታት ሲመክት ቆይቶ በራስ ጎበና የተሸነፈው በዚሁ ጊዜ ግድም ነው። ልብ በሉ፤ ሮም ጥበቃዬ ሥር ነው ካለችው አገር ከፊሉ ገና የምኒልክም አልሆነም።

ከዚያ ደስታ መጣ። የከብቱ በሽታ ስሙ ይኸው ነው፤ ማን እንዳወጣለት እንጃ እንጂ ምፀቱ ይመራል። በሽታው በ1880 ግድም ጣሊያኖች ለጦራቸው ምፅዋ ካራገፏቸው የታመሙ ከብቶች ጋር እንደገባ ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ከአገሪቱ ከብት 90 በመቶ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል፤ ክፉ ቀን የተባለው ረሀብ የዚህ ተከታይ ነው። ሳይንሱ ዘግይቶ ደረሰ፦ ሮበርት ኮህ ደቡብ አፍሪካ፣ ኪምበርሊ ላይ የመከላከያ ዘዴ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ በሽታው ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የታወጀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011።

እንሰት ሕዝቡን አዳነ ይባላል። በከፊል እውነት ነው። ደገኛው ገበሬ በሬው ሲሞት ማረስ አይችልም፤ እንሰት ግን በሬ አይፈልግም፣ በእጅ ይተከላል፣ ጓሮ ቆሞ ለዓመታት ይጠብቃል። ይሁን እንጂ እንሰት ፍግ ይፈልጋል፤ ፍግ የሚገኘው ከላም ነው። ለሀዲያ ደግሞ ከብት ሀብትም ክብርም ጥሎሽም ነው። ስለዚህ በረቱ ባዶ የሆነበት ሰው ቆጮው ባይጠፋም ነገ ጓሮውን የሚያለማበት፣ ልጁን የሚድርበት፣ ጦር ሲመጣ የሚቆምበት አቅም ከእጁ ወጥቷል።

በዓድዋ መንገድ ላይ ስለቆመው ጀግንነት ብዙ ተጽፏል፤ ተገቢም ነው። ስለዚህ በረት ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ምኒልክ የውጫሌን ውል ያፈረሱት እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። የሃላባው ባሬ ካጋው፣ ሲዋጋ የቆየው፣ ረሀቡ አገሩን ባደከመበት ወቅት በመጣ ዘመቻ የተሸነፈውም በዚያው ዓመት ነው።