ሰላዩ ወይስ ጸጋዬ?

ከጫንጮ ተነሥተን እንጦጦን ወርደን አዲሱ ገበያ እስክንደርስ የተከራከርነው በበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ልባችንን ያንጠለጠለው ምኑ ነው? ግማሾቻችን «ስለላው ነዋ!» አልን።

ስለላ ብቻ ቢሆንማ የማሞ ውድነህ ትርጉሞች ይበቁን ነበር። እዚያ የምንጠብቀው ሰላዩ ይያዝ ይሆን? የሚለውን ነው። በ«ኦሮማይ» ግን ጭንቁ ያለው በጋዜጠኛው በጸጋዬ ኃይለማርያም ደረት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ እጮኛው ሮማን፣ አሥመራ ላይ ፊያሜታ ጊላይ። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳው ኃላፊ እሱ፣ በዓይኑ የሚያየው ደግሞ ሌላ። ጠላት ከውጭ ቢመጣ ይተኮስበታል፤ ይህንንስ ምን ያደርገዋል? በዓሉ እንዲህ ያለውን ሰው ቀድሞም ያውቀዋል፤ በ1962 «ከአድማስ ባሻገር» ላይ አበራ ወርቁን በቢሮና በሥዕል መካከል አንገላቶታል።

መጽሐፉ በ1975 ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲውም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ፤ መኪናው ተገኘች፣ እሱ አልተገኘም። እንግዲህ እኛ ዛሬ ስናነብ የጸጋዬን ብቻ ሳይሆን የጸሐፊውንም መጨረሻ እየፈራን ነው፤ የ1975ቱ አንባቢ ይህ ፍርሃት አልነበረበትም።

ከመኪና ስንወርድ አንዱ ጓደኛችን «በዓሉ ሲጽፈው የሚመጣበትን ያውቅ ነበር?» አለ። ክርክሩ እንደ አዲስ ተጀመረ።