ታሪካዊ ሙዚየምና የአካል ጉዳተኛ ጎብኚ

ከታሪካዊ ሙዚየሞቻችን ብዙዎቹ ጥንት መኖሪያ ነበሩ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የሚገኘው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የአዲስ አበባ ሙዚየም ደግሞ የራስ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ለማየት ከሐዋሳ የሚሄድ የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ አስቀድሞ የሚገጥመው ደረጃ ነው። ጎብኚውን ተሸክሞ ማውጣት በደግነት ቢደረግም ያሰጋል፤ የሰው እጅ ጠባቂም ያደርገዋል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 ሙዚየምን በስም ይጠቅሳል። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የጥገና ሥራ አስቀድሞ እንዲፈቀድ ያዛል፤ ፈቃድ መጠየቅ ግን ሥራውን ለመተው ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ለተዳፋት መወጣጫ በሰፊው የሚሠራበት ልኬት ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 3 ደረጃዎች 5 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር መወጣጫ ይፈልጋሉ ማለት ነው። ለይስሙላ አሳጥሮ መሥራት ወንበሩን ወደ ኋላ ያንሸራትታል። ከግድግዳው ሳይጣበቅ የሚቆም ተነቃይ የእንጨት መወጣጫ ቅርሱን አይጎዳም።

ለዓይነ ስውር ጎብኚ ብዙ ገንዘብ አያሻም። ቡርሳሜ የሚቀርብበትን ሻፌታ የመሰለ ዕቃ ከገበያ ገዝቶ በእጅ እንዲዳሰስ ማስቀመጥ ይቻላል፤ መስታወት ውስጥ ያለው አሮጌው ባለበት ይቆያል። መስማት ለተሳነው ጎብኚ ደግሞ ማብራሪያው በጉልህ ፊደል ይጻፍለት፤ አስጎብኚውም የምልክት ቋንቋ ይማር።