ቴሌቪዥን ሲረክስ ምን ተወደደ?

ዘይት ጨመረ፣ ጤፍ ጨመረ፣ የቤት ኪራይ ጨመረ መባባል ለእኛ ትውልድ ከሰላምታ አይተናነስም። ዋጋ የሚባል ነገር ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች የሚሄድ አይመስለንም። ታዲያ ላለፉት ሰባ ዓመታት እየረከሰ የመጣ ዕቃ አለ ብንል ማን ያምነናል? ግን አለ። ብዙዎቻችን ማታ ማታ የምናፈጥበት ቴሌቪዥን ነው። ታሪኩን ለመከተል ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ ዋጋውም መዝገቡም በደንብ የሚገኘው እዚያ ነውና። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1939 በኒውዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን አርሲኤ የተባለው ኩባንያ ቲአርኬ-12 የሚል ስም የሰጠውን ቴሌቪዥን ለሕዝብ አሳየ። ቁመናው የልብስ ቁምሳጥን የሚያህል፣ ስክሪኑ ግን 12 ኢንች ብቻ ነበር። ያውም ምስሉ የሚታየው በክዳኑ ላይ በተገጠመ መስታወት ነው። ዋጋው 600 ዶላር። የዋጋ ንረቱን አስበን ወደ 2024 ዶላር ስንለውጠው 13 ሺህ 500 ገደማ ይሆናል።

በ1954 ያው ኩባንያ ሲቲ-100 የተባለውን ባለቀለም ቴሌቪዥን በ1,000 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ተፎካካሪው ዌስቲንግሃውስ ደግሞ ሳምንታት ቀደም ብሎ የራሱን በ1,295 ዶላር አውጥቶ ነበር። 1,000 ዶላር ዛሬ ቀላል ገንዘብ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚያ ዓመት የአንድ መካከለኛ አሜሪካዊ ቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ 4,200 ዶላር ገደማ ነበር። ስለዚህ ቀለም ማየት የፈለገ ሰው የቤተሰቡን የሦስት ወር ገቢ ሊጠጋ ጥቂት የቀረውን ማውጣት ነበረበት። በ2024 ዶላር ሲሰላ ከ11 ሺህ ይበልጣል።

አሁንስ? እዚያው አሜሪካ 43 ኢንች ስክሪን ያለው ቴሌቪዥን በ200 ዶላር አካባቢ ይገኛል። በ2023 የመካከለኛው አሜሪካዊ ቤት ዓመታዊ ገቢ 80,610 ዶላር ነበር፤ ለቀን ሲካፈል 220 ዶላር ገደማ ይመጣል። የሦስት ወር ገቢ የነበረው የአንድ ቀን ሆነ ማለት ነው። መሐል ላይ ግን አዲስ ቴክኖሎጂ በመጣ ቁጥር ዋጋው ሽቅብ ይተኮስ ነበር። በ1997 ፊሊፕስ ባለ 42 ኢንች ፕላዝማውን ሲያወጣ የጠየቀው 14,999 ዶላር ነው። ዛሬ የዚያን ስክሪን ስፋት የሚያክለውን በዚያ ገንዘብ ሰባ ያህል መግዛት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ የቴሌቪዥን ዋጋ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከ95 በመቶ በላይ ወርዷል ሲል፣ ሱቅ ውስጥ የተለጠፈውን ዋጋ ብቻ ቆጥሮ አይደለም። ትናንት በ300 ዶላር 32 ኢንች፣ ዛሬ በዚያው 300 ዶላር 50 ኢንች ከተሸጠ ቢሮው ዋጋው ቀንሷል ብሎ ይመዘግባል፤ ገዢው በዚያው ገንዘብ የተሻለ ዕቃ አግኝቷልና። ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ግን ያው 300 ነው።

ለመሆኑ ለምን ረከሰ? አንደኛው ምክንያት ቴክኖሎጂ ነው። ቫኪዩም ቲዩቡ በትራንዚስተር፣ ትራንዚስተሩ በቺፕ ተተካ። ጠፍጣፋው ስክሪን ሲመጣ ደግሞ ፋብሪካዎች ሰፋፊ መስታወት እያመረቱ ከአንዱ ብዙ ስክሪን መቁረጥ ቻሉ። ሁለተኛው ምክንያት ፉክክር ነው፤ መጀመሪያ ጃፓን፣ ቀጥሎ ኮሪያ፣ በኋላም ቻይና ገቡበት። ይህ ርካሽነት ግን የከፈለለት ሰው አለ። ሞቶሮላ የቴሌቪዥን ሥራውን በ1974 ለጃፓኑ ማትሱሺታ ሸጠ። ትልቁ የአሜሪካ አምራች ዜኒትም በ1995 በኮሪያው ኤልጂ እጅ ገባ። ገዢው ሲያተርፍ የፋብሪካው ሠራተኛ እንጀራውን አጣ።

ሦስተኛውን ምክንያት ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የዘመኑ ስማርት ቴሌቪዥን ከተሸጠም በኋላ ለአምራቹ ገንዘብ ያስገባል፤ በማስታወቂያና በተመልካቹ መረጃ። በ2017 ቪዚዮ የተባለው ኩባንያ የደንበኞቹን የእይታ መረጃ ሳያስፈቅድ ሰብስቧል ተብሎ ተከስሶ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የቀነሰውን ዋጋ በዓይናችን እየከፈልን ነው ማለት ነው።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1964፣ ወደ ቀለም የተሸጋገረው በ1984 ነው። እስከ 1992 ድረስ በመንግሥት ተመን አንድ ዶላር 2.07 ብር ነበር። በዚያ ዓመት 5 ብር ገባ፤ ሐምሌ 2024 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነሥቶ ዓመቱ ሳያልቅ ከ120 በላይ ደረሰ። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል ከ1992ቱ ለውጥ በፊት 400 ዶላር የሚያወጣ ቴሌቪዥን ነበር እንበል። በመንግሥት ተመን 828 ብር ነው። ያው ዕቃ በ2024 መጨረሻ ረክሶ 150 ዶላር ሆነ ብንል እንኳ በ120 ሲባዛ 18,000 ብር ይመጣል፤ ቀረጡ ገና ሳይታሰብ። በዶላር ከግማሽ በታች የወረደው ዕቃ በብር ከ21 እጥፍ በላይ ተሰቀለ። ዓለም ያረከሰውን ምንዛሪው መልሶ አስወደደው።

እርግጥ በዚህ ሁሉ ዓመት ደመወዝም ጨምሯል፤ ስለዚህ የብሩን ቁጥር ብቻ አይቶ ተወደደ ብሎ መደምደም አይቻልም። ትክክለኛው መለኪያ ዕቃው የስንት ቀን ሥራ ይጠይቃል የሚለው ነው። አሜሪካዊው በአንድ ቀን ገቢው የሚገዛውን፣ ደመወዙን በብር የሚቀበል ጀማሪ ተቀጣሪ በስንት ወር ይገዛዋል? ሁላችንም በየራሳችን ደመወዝ እናስላው።

ይህ ጉዳይ ስለ አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም። በ2011 ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ድሃ የሚባሉት ቤተሰቦች ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ እንዳላቸው እየቆጠረ ድህነታቸውን የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣ። እኛም ሰፈር ይህን ክርክር እንሰማዋለን፦ «ችግረኛ ነኝ ይላል፤ ግድግዳው ላይ ግን ፍላት ስክሪን ሰቅሏል!» ሰዎች ያላስተዋሉት ነገር ቢኖር ከሁሉ በላይ የረከሰውን ዕቃ የሀብት መለኪያ ማድረጋቸውን ነው። ፋብሪካ በገፍ የሚያመርተው ይረክሳል። መምህር፣ ሐኪምና የከተማ መሬት ግን በማሽን አይባዙም። አሜሪካ ውስጥ ቴሌቪዥን ሲወርድ የኮሌጅ ክፍያና የሕክምና ወጪ ከአጠቃላዩ የዋጋ ንረት በልጦ የሄደውም በዚህ የተነሳ ነው።

ስለዚህ የሰውን ኑሮ ለማወቅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ማየት አይበቃም። ግድግዳው የማን እንደሆነ፣ በወር ስንት እንደሚከፈልበትም እንጠይቅ። ቴሌቪዥኑማ ረክሷል፤ የሚሰቀልበት ግድግዳ ነው የተወደደው።