የቆሼ ዕዳ የት ተጽፎ ነበር?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ዳታ የምትቆጥቡ ማታ ዋይፋይ ያለበት ስትገቡ አንብቡት።

ሰሞኑን ከዝናብ በኋላ የኩልፎ ድልድይ ላይ ቆሜ ነበር። ወንዙ ዝናብ ሲጥል እንዴት እንደሚቀላ ታውቁታላችሁ። ከጭቃው ጋር የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ ዳይፐር፣ አንድ እግር የፕላስቲክ ጫማ እየተከታተሉ ወደ ጫሞ ይወርዳሉ። አጠገቤ የቆመው ሰው ሐይቁ ላይ መረብ የሚጥል ዓሣ አስጋሪ ነው። «ነገ እኛ እናወጣዋለን» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ወዲያው ትዝ ያለኝ የመጋቢት 2009 ክፍሌ ነው። ጄኔራል ቢዝነስ ያስተማርኳችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ቅዳሜ ማታ፣ መጋቢት 2 ቀን፣ አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ ክምር ተንዶ ሰው ከነቤቱ ቀብሯል። ሰኞ ጠዋት የሟቾች ቁጥር ገና እየጨመረ ነው። እኔ በፕሮግራሜ መሠረት «ሀብት = ዕዳ + ካፒታል» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ቆሼ ሀብት ነው ዕዳ?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እንመለስበታለን» ብዬ አለፍኩ። መምህር እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም። ስንት ዓመት ዘግይቼም ቢሆን ልመለስበት።

ቆሼ (በሌላ ስሙ ረጲ) ቆሻሻ መቀበል የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያን ጊዜ ቦታው ከከተማ ውጭ ነበር። መሬት ነበረ፣ መኪና ነበረ፣ ተደፋ፤ በቃ። ሥሩ ላይ ፍሳሽ የሚያግድ ነገር አልተነጠፈም፣ ጋዝ የሚወጣበት ቧንቧ አልተቀበረም፣ በየቀኑ አፈር አይለብስም። ከተማው አደገና ቆሼን አልፎት ሄደ። 36 ሄክታር ገደማ የሚሆን ቆሻሻ መሀል ሰፈር ሆነ፤ የቀለበት መንገዱም በአጠገቡ አለፈ። አለርት ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ለሥጋ ደዌ ሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው እዚያው ሰፈር የቀሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከክምሩ ላይ ብረት፣ ፕላስቲክ፣ የሆቴል ትራፊ እየለቀሙ የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ ከሥሩ የጭቃ ቤት ሠሩ። ለእነሱ ቆሼ መሥሪያ ቤት ነበር።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። አትፍሩ፣ ፈተና የለውም።

አንድ መኪና ቆሻሻ ስታነሳ የምታየው ወጪ የነዳጁ፣ የሾፌሩና የጫኞቹ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከየቤቱ የሚሰበስቡት ማኅበራት የሚከፈላቸው በሰበሰቡት መጠን ነው፤ ነዋሪው ደግሞ ከውኃ ቢሉ ጋር ይከፍላል። ይህ ሁሉ የማንሳት ሂሳብ ነው። ያ መኪና የተደፋበት ቦታ ግን አንድ ቀን ሞልቶ መዘጋት አለበት። ሲዘጋ ተዳፋቱ ይስተካከላል፣ አፈር ይለብሳል፣ ጋዙና ፍሳሹ ለብዙ ዓመት ይጠበቃል። ወጪው የተወለደው መኪናው በደፋበት ቀን ነው፤ ገንዘቡ የሚወጣው ግን ከ20 ወይም ከ50 ዓመት በኋላ፣ ምናልባት የደፋው ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው።

አሜሪካኖች ይህን የተማሩት በውድ ዋጋ ነው። ኒው ዮርክ በ1948 እ.ኤ.አ. ፍሬሽ ኪልስ የሚባል ቦታ ላይ ለሦስት ዓመት ያህል ብቻ ብላ መድፋት ጀመረች። የተዘጋው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሲዘጋም ጋዙንና ፍሳሹን መሰብሰቡ እስከ ዛሬ አልቆመም። («ጊዜያዊ» የሚለው ቃል በየአገሩ አንድ ዓይነት ትርጉም አለው ማለት ነው።) በ1993 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ሂሳብ ደረጃ የሚያወጣው ቦርዳቸው ቁጥር 18 የሚባለውን ደንብ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የመዝጊያውንና ከመዝጋት በኋላ ያለውን የክትትል ወጪ ዛሬ ገምት፣ ቦታው በሞላ ቁጥር ድርሻውን ዕዳ አድርገህ ጻፍ።

በፈጠራ ቁጥር ልሥራላችሁ። አንድ ከተማ መድፊያውን ለመዝጋትና 30 ዓመት ለመጠበቅ 100 ሚሊዮን ብር ያስፈልገዋል እንበል። በመጀመሪያው ዓመት የቦታው 5 በመቶ ሞላ፤ 5 ሚሊዮን ብር ዕዳ ተጻፈ። በሁለተኛው ዓመት 7 በመቶ ተጨመረ፤ ዕዳው 12 ሚሊዮን ሆነ። ሲሞላ 100 ሚሊዮኑ ሙሉው መዝገብ ላይ ተቀምጧል። ዕዳ መጻፍ ብር ማስቀመጥ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የተጻፈ ዕዳ ግን በየዓመቱ በጀት ሲጸድቅ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ምክር ቤቱም ኦዲተሩም ያየዋል። ለዚህም ነው ባለሥልጣን የማይወደው፤ ከተጻፈ ክፍያ ይጨመር ወይስ ሌላ ሥራ ይቀነስ የሚል ጥያቄ ይከተላል።

እኛ ጋስ? ሕግ አልጎደለንም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው ራሱ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ደግሞ ይብስ ነበር፦ የማስወገጃ ቦታ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ቦታው በሥራ ላይ እያለም ሆነ ከተዘጋ በኋላ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነበር። «ከተዘጋ በኋላ» የምትለዋን አስምሩባት። አካውንታንት ካነበባት ዕዳ ነች። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847ም ድርጅቶችን ወደ ዓለም አቀፍ ደረጃ አስገብቷል፤ በዚያ ደረጃ መሬት ቆፍሮ የሚሠራ ኩባንያ ቦታውን መልሶ የማስተካከያውን ወጪ ከመነሻው ይመዘግባል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሂሳብ ግን የሚሠራው በተሻሻለ ካሽ ቤዝስ ነው። በግርድፉ፣ ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ ይጻፋል። ከ30 ዓመት በኋላ የሚመጣ የመዝጊያ ወጪ እንዲህ ያለ መዝገብ ውስጥ መግቢያ በር የለውም። አንዱ ሕግ «አለብህ» ይላል፣ መዝገቡ ደግሞ «አላየሁም» ይላል።

ስለዚህ ለዚያች ልጅ መልሴ ይኸውና፦ መሬቱ ሀብት ነበር፣ ክምሩ ዕዳ ነበር፣ የተጻፈው ግን የነዳጁ ብቻ ነበር።

ቆሼን ለመዝጋት አልተሞከረም ማለት አይደለም። በፈረንሳይ የልማት ኤጀንሲ ገንዘብ ሰንዳፋ አካባቢ ዘመናዊ መድፊያ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. አጋማሽ ሥራ ጀመረ። ቆሼ ሊያርፍ ነበር። የሰንዳፋ ገበሬዎች ግን ሽታውን፣ የውኃቸውንና የከብቶቻቸውን ጉዳይ አንስተው ተቃወሙ፤ ወራት እንኳ በቅጡ ሳይሠራ በዚያው ክረምት ቆመ። እነሱን መውቀስ አልችልም። የአዲስ አበባን ዕዳ ወደ እነሱ መዝገብ ማዛወር ነበርና። መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ፤ ያረጀ ክምር ላይ አዲስ ተጫነበት። ሰባት ወር ገደማ ቆይቶ መጋቢት 2 መጣ።

ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። ከዚያ በኋላ ገንዘብ መገኘት ጀመረ፦ ለተጎጂዎች መዋጮ፣ ለተረፉት ቤት፣ ተዳፋቱን ለማስተካከል በጃፓን መንግሥትና በተባበሩት መንግሥታት የከተሞች ፕሮግራም ድጋፍ የፉኩኦካ ዘዴ። ይህ ዘዴ ክምሩ ውስጥ ቧንቧ አስገብቶ ፍሳሹ እንዲወጣና አየር እንዲገባ የሚያደርግ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው። ብዙ ወጪ የማይጠይቅ! እዚህ ላይ ሁልጊዜ እናደዳለሁ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ እዚያው 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት፣ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ያመነጫል የተባለው የረጲ ፋብሪካ ተመረቀ። ጥሩ ነው፤ ግን እሱ የተሠራው ለአዲሱ ቆሻሻ ነው። አሮጌው ክምር እዚያው ነው።

እኛ ጋሞዎች ጎሜ የምንለው ነገር አለ። ያጠፋ ሰው ጥፋቱን ካልተናገረና ካላጸዳ፣ ነገሩ በመሬቱ፣ በከብቱ፣ በልጁ ላይ ይመጣል፤ ከሞተም ለዘሩ ይቆያል። የአያቶቻችንን እምነት ከሂሳብ ደረጃ ጋር አታወዳድር የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔ ግን አክሩዋልን ከዚህ በተሻለ ማስረዳት አልቻልኩም፤ ተማሪዎቼም በዚህ ነው የገባቸው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ የእኛ ነገር ከአዲስ አበባ በአንድ ነገር ይከፋል። ሴቻ ላይ የተጣለ ፌስታል ዝናብ ሲመጣ ቁልቁል ይወርዳል። የምንጠጣው ውኃ ከገደሉ ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነው፤ ስማችንም ከእነሱ ነው። ኩልፎ ሲቀላን አቋርጦ በጫካው በኩል ጫሞ ይገባል። ጫሞ ላይ ነጩ ዓሣ አለ፣ ጉማሬው አለ፣ ቱሪስት የምንወስድበት አዞ ገበያ አለ። እዚህ ክምር ተንዶ ሰው ላይ ላይወድቅ ይችላል። የእኛ ዕዳ በየክረምቱ በትንሽ በትንሹ ወደ ሐይቁ ይከፈላል፤ ከፋዩም ያ መረብ የሚጥለው ሰውዬ ነው።

በየከተማው ማዘጋጃ ቤትና ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ ብዙ ናችሁ፤ ከሳውላም፣ ከጨንቻም፣ ከዚሁም። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የከተማችሁ መድፊያ ስንት በመቶው ሞልቷል? መዝጊያውስ በየትኛው የሂሳብ ኮድ ነው የሚያዘው? በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስም አልጠቅስም።

ያቺ ልጅ አሁን ባንክ ትሠራለች። ታግ አላደርጋትም፤ ራሷን ታውቃለች።